መልስ፦ ወረዳው የራሱ ገንዘብ ቢኖረው አሲዳማው አፈር ይታከም ነበር?

ሱሉልታ አካባቢ ያለው የቤተሰብዎ ማሳ አሲዳማ መሆኑን ገልጸው፣ ወረዳው እንደ ጋና ኮኮዋ አምራች አውራጃዎች በገንዘብ ራሱን ቢችል የአፈሩን አሲዳማነት የሚቀንሰው ኖራ በጊዜው ይደርስ እንደነበር ጠይቀዋል። በእኔ ግምት፣ በከፊል ብቻ።

የጋናው ምሳሌ እንደሚታሰበው አይደለም። የ1992 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 252 ከአገሪቱ ገቢ ቢያንስ 5 በመቶ ለአውራጃ ምክር ቤቶች እንዲመደብ ቢያዝም፣ ገንዘቡ የሚወርደው ከማዕከል ነው፤ የኮኮዋን ጉዳይ የሚመራውም ማዕከላዊው የኮኮዋ ቦርድ ነው።

በእኛ አገር የአርሶ አደር ገቢ ግብርና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 የክልል ሥልጣን ናቸው፤ ወረዳ በአብዛኛው የሚተዳደረው ከክልል በሚመጣ ጥቅል ድጎማ ሲሆን ከዚያም ትልቁን ድርሻ ደመወዝ ይወስደዋል። ኖራ ደግሞ ለአንድ ሄክታር በቶን የሚለካ ከባድ ዕቃ በመሆኑና ከዘር ወቅት ቀደም ብሎ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ ስላለበት፣ ወረዳው የጭነት መኪና ኪራይ በራሱ ውሳኔ መክፈል ቢችል ልዩነቱ ቀላል አይሆንም።

ሆኖም በከተማ ዳርቻ ከበጀት የሚብስ ችግር አለ፤ የኖራ ጥቅም በዓመታት የሚገኝ ስለሆነ፣ መሬቱ ነገ ለቤት ግንባታ ይወሰድብኛል ብሎ የሚሰጋ ገበሬ በነጻ ቢሰጠውም እንኳ ለመበተን ላይደክም ይችላል። ለማንኛውም የሚያስፈልገው መጠን እንደ አሲዳማነቱ ስለሚለያይ፣ ለወረዳው ከማመልከትዎ በፊት አፈሩን ያስመርምሩ፤ ቁጥር የያዘ ማመልከቻ በበጀት ክርክር ላይ የተሻለ ይደመጣል።