መተንፈሻው ሲላላ ጨርቅ ልወትፍበት? የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች ተማክራችሁ የላካችኋቸው ይመስላሉ። አብዛኞቹ የሞተሩ ክዳን ላይ ስላለችው መተንፈሻ ናቸው። ጅማ ቡና የሚጭኑ አሮጌ መኪኖች የሞሉባት ከተማ ናትና አልገረመኝም።

ጥያቄ፦ አሮጌ አይሱዙ አለኝ፤ ከአጋሮ ቡና እጭንበታለሁ። የሞተሩ ክዳን ላይ ያለችው የመተንፈሻ ቱቦ ላልታ ትወዛወዛለች። ዙሪያዋ በዘይት ተለውሷል። መካኒኩ «ጨርቅ ጠቅልለን እንወትፈው፣ ምንም አይልም» አለኝ። ምን ይሉኛል?

ጨርቁን ይተዉት። በሞተሩ ውስጥ ከሚቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተኑ ፋሻዎች (ቀለበቶች) በኩል ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት ይወርዳል። አዲስ ሞተር ላይም አለ፣ አሮጌው ላይ ይብሳል። ይህ ጋዝ መውጫ ይፈልጋል፤ መውጫው ደግሞ ይህች ቱቦ ናት። ከታፈነች ጋዙ ጓርኒሲዮኑን (በብረቶቹ መጋጠሚያ ያለውን ማሸጊያ) እና የዘይት ሲሎቹን (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግዱትን ቀለበቶች) እየገፋ በራሱ መንገድ ይወጣል።

እኔም ተወትፎልኛል። ከዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ፣ ስሙ ይቅር፣ የካላማዳሪያ ቁራጭ ጠቅልሎ በሲሊኮን አሸገልኝ። ከላላው ጋር ቀዳዳውም አብሮ ታሸገ። ሰርቦን አልፌ አሰንዳቦ ሳልደርስ የዘይት መለኪያው ዘንግ ተፈናጥሮ ወጣና ሞተሩን በሙሉ ዘይት አለበሰው። ይባስ ብሎ የኋላው የዘይት ሲል ለቀቀ፣ ፍሪሲዮኑ ዘይት ጠጣ። ለአንዲት ላስቲክ ስል ካምቢዮ አስወረድኩ።

አሁን እርስዎ እንዲህ ያድርጉ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አካባቢውን በናፍጣ ጠርገው በደረቅ ጨርቅ ያድርቁት። ከዚያ የላላው የቱ እንደሆነ ይታያል። ቱቦው ራሱ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ ዘይት የሚችል ላስቲክ ገዝተው በደህና ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ማሰር ነው። የተሰነጠቀ ላስቲክን ፋሼታ ቢያጠብቁበት ስንጥቁ ይሰፋል እንጂ አይድንም። ክዳኑ ላይ የተሰካው ብረት ከሆነ የላላው፣ መጀመሪያ ክዳኑን ያስፈቱ። ተሰክቶ እንዳለ ቢቀጠቅጡት ወይም ጥርስ ቢያስወጡለት የብረት ብናኙ የሚወድቀው ቫልቮቹ ላይ ነው። ቶርኖ ቤት ወስደው በልኩ እንዲሰካልዎት ቢያደርጉ ይሻላል። ክዳኑ ከተፈታ አይቀር ውስጡንም ይጠቡት፤ አብዛኛውን ጊዜ የዘይት ማጣሪያ ወንፊት አለውና በጥቀርሻ ይደፈናል። ክዳኑን ሲመልሱ ጓርኒሲዮኑን አዲስ ያድርጉት።

ሌላም አለ። ቱቦው ወደ አየር ማስገቢያው የሚመለስ ከሆነ፣ በላላው በኩል ሞተሩ ያልተጣራ አየር ይስባል። በበጋ የሊሙን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። አቧራው ሲሊንደሩንና ፋሻውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላዋል። ቱቦው ወደ መሬት የተንጠለጠለ ከሆነ ግን ይህ ስጋት የለብዎትም። ጫፉ በጭቃ አለመደፈኑን ብቻ ይዩ።

ጥያቄ፦ የቤንዚን ፒካፕ ነው ያለኝ፣ ካርቡሬተር አለው። ሚኒሞው (ቤንዚን ሳልረግጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፣ መብራት ላይ ስቆም ይጠፋብኛል። ካርቡሬተሩን ሦስት ጊዜ አስተካከሉልኝ፤ በሳምንቱ ያው ነው። እኔ ሴት ስለሆንኩ ነው የሚያመላልሱኝ?

እሱንም አልክድም፣ እህቴ። ግን ካርቡሬተሩን ከመንካታቸው በፊት ፒሲቪ ቫልቩን አይተውት ነበር? የመተንፈሻውን ጋዝ መልሳ ወደ ሞተሩ የምታስገባ፣ የአውራ ጣት የምታህል፣ በሞተሩ ክዳን ላይ በላስቲክ ቀለበት የምትሰካ ቫልቭ ናት። ነገሩ የቆየ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በካሊፎርኒያ መኪኖች ላይ መግባት የጀመረው በ1961 ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ላስቲኳ በሙቀትና በዘይት ብዛት ትደርቃለች። በጥፍርሽ ስትጫኛት እንደ ቀንድ ከሆነች አብቅታለች። ያኔ ቫልቯ ትላላለች፣ ሞተሩ በጎን አየር ይስባል፣ ሚኒሞውም ይረበሻል።

ቫልቯን ንቀያትና በጆሮሽ አጠገብ አራግፊያት። ቅጭል ቅጭል ካለች ውስጧ አልተጣበቀም፤ ዝም ካለች ቀይሪያት። ሞተሩ እየሠራ ጫፏን በጣትሽ ስትደፍኚ መሳብ ሊሰማሽ ይገባል። የደረቀችውን ላስቲክ ስታወጪ ተጠንቀቂ፣ ስትሰበር ቁራጯ ወደ ሞተሩ እንዳትወድቅ። አዲሷን ዘይት ቀባ አድርገሽ በእጅሽ ግፊያት። ካቻቢቴ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ረዳት ነኝ። ለመተንፈሻው የራዲያተር ማኒኮቶ (የውሃ ቱቦ) ቆርጠን ብንገጥምስ? ሹፌሩ ይሆናል ይላል።

እስከ ቤት ለመድረስ ይሆናል። የራዲያተር ላስቲክ ለውሃ እንጂ ለዘይት አልተሠራም፤ ሲቆይ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ መጨረሻ ላይ ይጣበቅና መተንፈሻውን ይዘጋዋል። ካላማዳሪያም ያው ነው። ለሹፌሩ እኔ ነኝ ያልኩት በለው።

ጥያቄ፦ ጠዋት የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍት ቢጫማ አረፋ አገኛለሁ። የቴስታታ (የሲሊንደሮቹ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ብለው አስፈራሩኝ።

ከየት ወዴት ነው የሚነዱት? እዚሁ ከተማ ውስጥ ከሂርማታ አጂፕ ብቻ ከሆነ፣ በዚህ በጅማ ዝናብ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል። እርጥበቱ ሳይወጣ ከዘይቱ ጋር ተደባልቆ አረፋ ይሠራል። አንድ ቀን ሰርቦ ድረስ ደርሰው ይመለሱና ክዳኑን ጠርገው ይጠብቁ። የራዲያተሩ ውሃ የማይጎድል፣ በመለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይትም ንጹህ ከሆነ አይደንግጡ። ውሃው ከጎደለ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ ግን ያስፈራሩዎት ሰዎች እውነታቸውን ነው፤ ሞተሩን አያስነሱ።

ጥያቄ፦ ጊቤን ተሻግሬ ወደ ወልቂጤ ዳገቱን ስወጣ ከመተንፈሻው ጭስ ይወጣል። ሞተር ማውረድ ግድ ነው?

ጭነት ይዞ ያን ዳገት የሚወጣ አሮጌ ናፍጣ ሞተር ትንሽ እንፋሎት ቢተፋ አይደንቅም። ሜዳ ላይ፣ በሚኒሞ፣ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው እዚያው ላይ ገልብጠው ያስቀምጡት። ፊትዎን ራቅ ያድርጉ፣ ዘይት ይረጫል። ክዳኑ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ደህና ነው። ዘሎ ከወደቀ ፋሻዎቹ ሳያልቁ አይቀሩም። ያም ቢሆን ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ አየር የሚያምቁበትን ግፊት) ሳያስለኩ ሞተር እንዳያስወርዱ። መተንፈሻው ራሱ ተደፍኖም ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የመተንፈሻዋ ላስቲክ ጅማ ገበያ ጠፋች። አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ፎቶዋን ልላክ?

ሶማሌ ተራ ሂድ በሉት፣ ግን ፎቶ አይበቃም። አሮጌዋን በፌስታል ጠቅልላችሁ በሰው ላኩለት፤ ሚሊ ሜትር ከበለጠች ትላላለች፣ ካነሰች አትገባም። እኔ በፎቶ ያስመጣኋት ዛሬ የቁልፍ መያዣዬ ናት።