የእኔ ሲዲ4 ከፍ ያለው ደሜ ጠንካራ ስለሆነ ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ስሜ ይቆየኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው ደሴ ነው። ባለቤቴ ሳል አልለቅ ብሎት ሲመረመር ቲቢም ኤችአይቪም ተገኘበት። በማግስቱ እኔም ተመርምሬ ቫይረሱ በደሜ እንዳለ ተነገረኝ። የእሱ ሲዲ4 (በሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች ቁጥር) 140 ነው፣ የእኔ 720። እሱ መድኃኒት ጀምሯል። እኔን ግን አንድም ቀን አላመመኝም። የአክስቴ ልጅ “በዘሩ ቫይረሱን የሚያሸንፍ ሰው አለ፣ አንቺም ከነሱ ነሽ፣ ምን አስቸኮለሽ?” ትለኛለች። እውነት ነው? ቤታችን ውስጥ ደግሞ “ማን አመጣው?” የሚለው ነገር ሰላም ነስቶናል።

መልስ፦ እህቴ፣ መድኃኒቱን ዛሬ ነገ ሳይሉ ይጀምሩ። ይህን አስቀድሜ ልበልዎት፣ ሌላውን ከዚያ በኋላ እናወራለን።

የአክስትዎ ልጅ የነገረችዎት ከመሬት የተነሳ ወሬ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ ግማሽ እውነት ስለሆነ ሰው ያምነዋል። መድኃኒት ካልተወሰደ አንዱ በሁለትና በሦስት ዓመት ይወድቃል፣ ብዙው ሰው ከ8 እስከ 10 ዓመት ገደማ ይቆያል፣ ጥቂቱ ደግሞ 20 ዓመት ሳይታመም ይኖራል። ያለ መድኃኒት ቫይረሱን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የሚቆጣጠሩ ሰዎችም አሉ፤ ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት ዘረመል ነው። ዘር ስል ታዲያ ብሔር ማለቴ አይደለም። ከእናትና ከአባት የምንወርሰውን ነው የምለው፣ በዚህም የአንድ እናት ልጆች እንኳ ይለያያሉ።

እንዴት መሰለዎት? ቫይረሱ የገባበት ሴል ዝም ብሎ አይሞትም። የቫይረሱን ቁራጭ በላዩ ላይ አውጥቶ “ጠላት እዚህ ገብቷል” ብሎ ለገዳይ ነጭ የደም ሴሎች ያሳያል። ያንን ቁራጭ ይዞ የሚያሳየው ኤችኤልኤ የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ዓይነቱ ከሰው ሰው ይለያያል። ቫይረሱ ደግሞ ተለዋዋጭ ነው። የታየበትን ቦታ ቶሎ ቀይሮ ያመልጣል። ኤችኤልኤ-ቢ 57 ወይም ቢ 27 የተባለውን ዓይነት የወረሱ ሰዎች ግን ቫይረሱ በቀላሉ ሊቀይረው የማይችለውን ቁራጭ ያሳዩበታል፤ ልቀይረው ቢል ራሱ ይዳከማል፣ መባዛት ያቅተዋል። በእነዚህ ሰዎች ላይ በሽታው ቀስ ይላል። ቢ 35 ከሚባለው ወገን አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው ያፈጥነዋል።

ሌላው በብዛት የሚወራው ሲሲአር5 ነው። ቫይረሱ ወደ ነጭ የደም ሴል ሲገባ መጀመሪያ ሴሉ ላይ ያለውን ሲዲ4 የሚባል መያዣ ይይዛል (ሴሎቹ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ነው)፣ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ ሲሲአር5ን እንደ ሁለተኛ መያዣ ይፈልጋል። ዴልታ 32 የሚባለውን ለውጥ ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው ሴሉ ላይ ይህ መያዣ የለም፤ ቫይረሱ ሊይዘው በጣም ይቸገራል። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ደግሞ ቢያዝም በሽታው ይዘገይለታል። በ2007 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ ቲሞቲ ሬይ ብራውን የተባለ የደም ካንሰር ታማሚ ይህ ለውጥ ካለው ሰው መቅኔ ተሰጥቶት ከኤችአይቪ የዳነው በዚህ ምክንያት ነው። ለውጡ በሰሜን አውሮፓውያን ላይ ይታያል፤ በእኛ በአፍሪካውያን ዘንድ ግን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እሱን ተስፋ አያድርጉ።

አሁን ወደ ቤትዎ እንምጣ። አንድ ሳምንት ተመረመራችሁ ማለት አንድ ቀን ተያዛችሁ ማለት አይደለም። ባለቤትዎ ከእርስዎ ብዙ ዓመት ቀድመው ተይዘው ሊሆን ይችላል፣ እርስዎም ቀድመው ተይዘው ሰውነትዎ ቀስ ብሎ እየተሸነፈ ሊሆን ይችላል። ቲቢ ራሱ ሲዲ4ን ያወርዳል። ዕድሜም የቫይረሱ ጠባይም ድርሻ አላቸው። እነዚያ ሁለት ቁጥሮች ታዲያ ማን እንዳመጣው አይናገሩም፤ እኔም ልነግርዎ አልችልም፣ የትኛውም ላብራቶሪ ከሲዲ4 ተነስቶ አይነግርዎትም። በዚህ ጥያቄ የፈረሰ ትዳር ብዙ አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉት። ባለቤትዎም ደማቸው ደካማ ሆኖ አይደለም።

“720 ካለኝ ለምን እውጣለሁ?” ይሉ ይሆናል። ልክ እንደ እርስዎ ሲዲ4 ከ500 በላይ የሆነ 4,685 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ወዲያው የጀመሩት ሲዲ4 እስኪወርድ ከጠበቁት ጋር ሲነጻጸሩ ለከባድ ሕመምና ለሞት የመጋለጣቸው ዕድል በ57 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ሕመም ሳይሰማዎት ቫይረሱ ውስጥ ውስጡን ሰውነትን ያቆስላል፤ ያለ መድኃኒት የሚቆጣጠሩት እነዚያ ጥቂቶች እንኳ ከዚህ አያመልጡም። ደግሞ ቫይራል ሎድዎ፣ ማለትም በደምዎ ያለው የቫይረሱ መጠን፣ የማይታይ ደረጃ ደርሶ እዚያው ከቆየ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። መውለድ ካሰባችሁም ልጁን የሚጠብቀው ይኸው ኪኒን ነው።

ስለ መድኃኒቱ ቅዠት ሰምተው ከሆነ፣ ያ ኤፋቪሬንዝ የሚባለው የድሮው ኪኒን ነው። እዚህም ዘረመል አለበት፤ ብዙ አፍሪካውያን ጉበታቸው ኤፋቪሬንዝን ቀስ ብሎ ስለሚያስወግድ መድኃኒቱ በደማቸው ይበዛና እንቅልፍ ያሳጣቸው ነበር። አሁን የሚጀመረው በአብዛኛው ዶሉቴግራቪር ያለበት፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ኪኒን ነው። እንቅልፍ ከነሳዎት ጠዋት ይውሰዱት።

ባለቤትዎ የቲቢ መድኃኒት ላይ ስላሉ ማታ ተጨማሪ ዶሉቴግራቪር ሊታዘዝላቸው ይችላል። የቲቢው መድኃኒት ዶሉቴግራቪርን ከደም ቶሎ ስለሚያስወጣው ነው እንጂ በሽታው ስለባሰባቸው አይደለም፣ አይደንግጡ። የኤችአይቪ መድኃኒት ወደሚሰጥበት ኤአርቲ ክሊኒክ ሲሄዱ የእሳቸውን ካርድም ይዘው ይሂዱ፤ ለቲቢም ይመርመሩ። ልጆች ካሏችሁ ደግሞ አብረዋችሁ ይሂዱና ለሁለቱም ይታዩ።