ፍርዱ «አባት ነህ» አለኝ፣ ምርመራው «አይደለህም» አለኝ

ጥያቄ፦ በ2003 ዓ.ም. ፍርድ ቤት «የሕፃኗ አባት አንተ ነህ» ብሎ ወሰነብኝ። ከእናቷ ጋር አልተጋባንም፣ አብረንም አልኖርንም፤ ጓደኛሞች ነበርን። ያኔ «ምርመራ ይደረግልኝ» ብዬ ጠይቄ ነበር። ሳይደረግ ቀርቶ በምስክር ተፈረደ። ይግባኝ አላልኩም። ቀለቡን በየወሩ እከፍላለሁ። ልጅቷ አሁን 15 ዓመቷ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ትመጣለች። በቅርቡ ከማበጠሪያዋ ላይ ፀጉር ወስጄ ውጭ አገር ላለ ዘመድ ላክሁ። በዲኤንኤ ሲመረመር አባቷ አይደለሁም። ውጤቱ ከደረሰኝ 18 ቀን ሆነ። ፍርዱን ማሰረዝ እችላለሁ? የከፈልኩትስ ገንዘብ ይመለስልኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ቀኑን እንቁጠር። 18 ቀን አልፏል። ሕጉ የሚሰጥዎ አንድ ወር ነው። ይህን እንዳነበቡ ጠበቃ ጋ ይሂዱ፤ ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

አንድ ወር ያልኩበትን ልንገርዎ። ተከራክረውበት የመጨረሻ ፍርድ ያገኘ ጉዳይ እንደገና አይከሰስበትም። ይህ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 5 ነው። «አባት አይደለሁም» ብለው አዲስ ክስ ቢከፍቱ ገና ከጅምሩ በመቃወሚያ ይዘጋብዎታል። የቀረችው በር አንቀጽ 6 ናት። ዳግም ዳኝነት፣ ማለትም የተሰጠ ፍርድ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ፣ የምንለው እሱን ነው። አቤቱታው የሚቀርበው ያኔ ለፈረደው ለዚያው ፍርድ ቤት ነው። ይግባኝ አለማለትዎ እዚህ ላይ ይጠቅምዎታል፤ አንቀጹ የተጻፈው ይግባኝ ላልተባለበት ፍርድ ነውና። አዲሱን ነገር ካወቁበት ቀን አንስቶ በአንድ ወር ውስጥ መቅረብ አለብዎት፤ እንዴት እንዳወቁትም መግለጽ ይጠበቅብዎታል።

ፍርድ ቤቱ የሚመዝነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አዲሱ ነገር ያኔ ቢታወቅ ኖሮ ፍርዱን ይለውጠው ነበር? በዚህ ብዙም አይቸገሩም። በምስክር የተፈረደው በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 143 መሠረት፣ በእርግዝናው ወቅት ግንኙነት ነበራችሁ ተብሎ ይመስለኛል። ያው ሕግ ደግሞ አባት ሊሆን እንደማይችል በደም ምርመራ ወይም በሌላ አስተማማኝ የሕክምና ዘዴ ላረጋገጠ ሰው መከላከያ ይሰጣል። ሁለተኛው ነው የሚከብደው፦ ተገቢውን ጥረት አድርገውም ያኔ ሊያውቁት የማይችሉት ነገር ነበር? ዳኛው «ለምን ያኔ አልተመረመርክም?» ማለቱ አይቀርም። «ሳይንሱ ገና አልነበረም» የሚል መልስ አያዋጣም። ዲኤንኤ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ላይ አዲስ ነገር አልነበረም።

የእርስዎ ጉልበት ሌላ ቦታ ነው። «ምርመራ ይደረግልኝ ብዬ ነበር» ብለዋል። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከላብራቶሪው ወረቀት በላይ ልታዋጣዎት ትችላለች፤ ግን መዝገቡ ላይ ከሰፈረች ነው። ነገውኑ መዝገብ ቤት ሄደው የድሮውን መዝገብ ግልባጭ ያስወጡ። የመከላከያ መልስዎን፣ የችሎቱን ውሎና ፍርዱን ገጽ በገጽ ያንብቡ። ጥያቄዎ ተመዝግቦ፣ ውድቅ የተደረገበትም ምክንያት ተጽፎ ካገኙት አቤቱታዎን ከዚያ ገጽ ይጀምሩ።

ሌላው ወገን «አንቀጽ 6 የሚናገረው ስለ ሐሰተኛ ሰነድ፣ ስለ ሐሰት ምስክርነትና ስለ ጉቦ ነው» ብሎ ይከራከራል። እኔ እነዚያን እንደ ምሳሌ ነው የማነባቸው። ብቻ ክርክርዎን ለማጠንከር ብለው እናቲቱን «በሐሰት አስመስክራለች» ብለው አይወንጅሏት። እርግጠኛ ሆና ተሳስታም ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ፀጉሩ። እውነቱን ልንገርዎ፣ የጉዳይዎ ደካማ ጎን እሱ ነው። ማበጠሪያ ላይ የሚቀር ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ ሥር የለውም። ከሥር አልባ ፀጉር በቀላሉ የሚገኘው ደግሞ ከእናት ብቻ የሚወረሰው ዲኤንኤ ነው፤ ስለ አባት ምንም አይናገርም። ላብራቶሪው ሥር ያለው ፀጉር አግኝቶ ይሆናል። ያም ሆኖ ፀጉሩ የማን ነው? በዚያው ማበጠሪያ እናቷ ወይም ጓደኛዋ ተበጥራበት ቢሆንስ? ማን እንደወሰደው፣ ማን እንዳሸገው፣ በማን እጅ እንዳለፈ የሚያሳይ ወረቀት የለዎትም። ስለዚህ ያንን ውጤት እንደ መጨረሻ ማስረጃ ሳይሆን እንደ በር መክፈቻ ይጠቀሙበት። አቤቱታዎ ላይ ፍርድ ቤቱ አዲስ ምርመራ እንዲያዝ ይጠይቁ፦ የሦስታችሁም ማንነት ተረጋግጦ፣ ናሙናው በባለሙያ ተወስዶ፣ ታሽጎ፣ ውጤቱ በቀጥታ ለፍርድ ቤቱ እንዲላክ። ጉንጭ ውስጥ በጥጥ ማሸት ይበቃል። ልጅ የዘር ውርሷን እኩሌታ ከእናት፣ እኩሌታ ከአባት ነው የምትወስደው። ከእናቷ ያልመጣው የዘር ምልክት በብዙ የዲኤንኤው ቦታ ላይ ከእርስዎ ጋር ካልገጠመ አባት አይደሉም ማለት ነው።

ባል ከሚስቱ የተወለደን ልጅ የሚክድበት የ180 ቀን ጊዜ አለ፤ እናንተ ስላልተጋባችሁ እሱ እርስዎን አይመለከትም። ያነሳሁት የፌዴራሉን የቤተሰብ ሕግ ነው። ፍርዱ የተሰጠው በክልል ከሆነ ጠበቃዎ የክልሉን ይይ።

ስለ ገንዘቡ። እስካሁን ለከፈሉት ቀለብ ተስፋ አያድርጉ። የተከፈለው ጸንቶ ባለ ፍርድ ነው፣ ልጅቷም በልታበታለች፣ ተምራበታለች። ለወደፊቱ ግን ፍርዱ ከተነሳ ግዴታውም አብሮ ይነሳል። እስከዚያው በራስዎ ሥልጣን ክፍያ እንዳያቆሙ! ፍርዱ ጸንቶ ሳለ ካቆሙ አፈጻጸም፣ ማለትም ፍርዱን በግዴታ የማስፈጸም እርምጃ፣ ይመጣብዎታል። ከፈለጉ ከአቤቱታው ጋር የእግድ ጥያቄ ያቅርቡ።

የሚያሳስበኝ ልጅቷ ናት። ፍርዱ ከተሰረዘ የአባት ስሟን፣ ቀለቧንና የውርስ መብቷን በአንድ ቀን ታጣለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የሕፃኑ ጥቅም ቀድሞ ይታይ ይላል፤ ወላጆቿን የማወቅ መብትም ይሰጣታል። ሁለቱም በዚህ መዝገብ ላይ ይነሳሉ። ልጅቷ በችሎቱ የራሷ ተወካይ እንዲኖራት እርስዎ ራስዎ ቢጠይቁ ደስ ይለኛል። እውነተኛ አባቷ ከታወቀም እሱን የመጠየቅ መብቷ አይዘጋም።

መክሰስ አይክሰሱ አልልም፤ መብትዎ ነው። ግን ቀሪዎቹ ቀናት ጥቂት ቢሆኑም፣ ከማስገባትዎ በፊት አንድ ምሽት እናቷን ቁጭ ብለው ያነጋግሯት። ልጅቷ ነገሩን ከመጥሪያ ወረቀት ላይ እንዳታነበው። እንዴት እንዳወቁት አቤቱታው ላይ መግለጽዎ ስለማይቀር፣ ስለ ማበጠሪያውም ልጅቷ ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእርስዎ ትስማው።

አቤቱታው ተቀባይነት ካጣ ይግባኝ የለውም። መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት ካላችሁ በ90 ቀን ውስጥ እንዲህ ያለውን ስህተት ወደሚያርመው ወደ ሰበር ችሎት ነው የሚኬደው። የውሳኔውን ግልባጭ በወጣበት ቀን ይውሰዱ።