የአያት ምላጭ፦ ጥያቄና መልስ ከደሴ

ስለ ጥንት ታጣፊ ምላጭ ከየአቅጣጫው የደረሱኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

ከኮምቦልቻ፦ አያቴ የተዉልኝ ምላጭ አለ። የፈረንጅ ጽሑፍ አለበት። ዕድሜውን በምን ልወቅ?

እጀታውን ተወውና አንገቱን አንብብ። አንገት የምለው ስለቱ ካለቀበት እስከ ማጠፊያው ሚስማር ያለውን ነው። እጀታ ሲሰበር ይቀየራል፤ አንገት ላይ የተመታ ጽሑፍ ግን አይቀየርም።

መጀመሪያ የአገር ስም ፈልግ። «ኢንግላንድ» ወይም «ጀርመኒ» የሚል ካለ አብዛኛውን ጊዜ ከ1891 ወዲህ የተሠራ ነው። ምክንያቷ አሜሪካ ናት። በ1890 ያወጣችው የቀረጥ ሕግ፣ የሚገባላት ዕቃ ሁሉ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት አስገደደ። «ሼፊልድ» ወይም «ዞሊንገን» የሚል የከተማ ስም ብቻ ካለው ከዚያ ሊቀድም ይችላል። ግን አትቸኩል፤ ለአሜሪካ ያልታሰበ ዕቃ ላይ አገሩ ላይጻፍ ይችላል።

ዘውድና «ቪ» «አር» የሚባሉት ሁለት ፊደላት ካሉበት ደግሞ የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ነው፤ ከ1837 እስከ 1901። አፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ ጽፈውላት መልስ የዘገየባቸው ያቺው ንግሥት። ነገሩ እዚሁ እኛው ወሎ፣ መቅደላ ላይ እንዴት እንዳለቀ ታውቃለህ። በ«ቪ» ፈንታ «ደብልዩ» ከሆነ ከእሷ በፊት የነበረው ዊሊያም ነው፤ ከ1830 እስከ 1837። «የማይዝግ ብረት» የሚል ካገኘህ ግን ከ1913 አይቀድምም።

ከሐይቅ፦ ዝገት በልቶታል። ጎረቤቴ «ጋራዥ ወስደህ በግራይንደር አስመታው» ይለኛል።

ኧረ በስማም! ግራይንደር ስሱን ስለት በሰከንድ ያግለዋል። ብረቱ ወደ ሰማያዊ ካደላ ጥንካሬው ሄዷል፤ ከዚያ በኋላ ስለት አይይዝም።

አብሽር፣ በእጅ ይሠራል። ስለቱን በወፍራም ፕላስተር ሸፍን። የስፌት መኪና ዘይት ቀብተህ አሳድረው። በማግስቱ ብርጭቆ ወረቀት ዘይት አስነክተህ በቁጥር 600 ጀምር (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይልማል)፣ ወደ 1000፣ ከዚያ ወደ 2000 እለፍ። የምላጩን ርዝመት ተከትለህ እሸው። በወርቅ የተቀባ ጽሑፍ ካለ አትንካው፣ በአንድ ሁለት እሽታ ይጠፋል። ሎሚ ዝገት ያስለቅቃል፤ ብረቱንም ያጠቁረዋል። እኔ አልመክርም። የቀሩትን ጥቁር ነጠብጣቦች ተዋቸው፤ ዕድሜ ያመጣቸው ናቸው። ስለቱ ላይ ስንጥቅ ካየህ ግን ድካምህን ቆጥብ፣ ለጌጥ ይሁን።

ከባቲ፦ ሰኞ ገበያ ላይ የዝሆን ጥርስ እጀታ ነው ብለው ሸጡልኝ። እውነት ነው?

የእጀታውን ጫፍ በአጉሊ መነጽር እይ። በዝሆን ጥርስ ላይ የሚጠላለፉ ስስ መስመሮች ይታያሉ። ጥቃቅን ጥቋቁር ቀዳዳዎች ካሉት አጥንት ነው። መስመሮቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስል እኩል ከሆኑ ሴሉሎይድ ነው፤ ከ1870ዎቹ ጀምሮ የዝሆን ጥርስን ለማስመሰል የሚሠሩበት ፕላስቲክ። በጨርቅ አጥብቀህ ስታሸው ካምፎር፣ እንደ ቪክስ ቅባት ያለ ሽታ፣ ይሸታል። በጋለ መርፌ ፈትነው የሚሉህን አትስማ፤ ሴሉሎይድ እሳት ካገኘው ቦግ ይላል። ሲያረጅ ደግሞ ብረት የሚያዝግ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ከሌሎቹ ምላጮች ለይተህ አስቀምጠው።

ከወልዲያ፦ ልላጭበት እችላለሁ?

ትችላለህ፣ በደንብ ከተሳለ። ጀርባውንና ስለቱን አንድ ላይ መሳያ ድንጋዩ ላይ አስተኛ፤ ወፍራሙ ጀርባ የተሠራው ማዕዘኑን እንዲጠብቅልህ ነው። ከሻካራው ድንጋይ ወደ ልሙጡ፣ በቁጥር 1000፣ 4000፣ 8000 እያልክ ውጣ። በመጨረሻ ንጹሕ የቆዳ ቀበቶ ላይ፣ ጀርባውን አስቀድመህ አመላልሰው። ለሌላ ሰው ግን አታውስ፤ ደም የነካ ነገር ነው። በረኪና ያዝገዋል፣ በአልኮል ጥረገው።

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ «ጣልያን በ1936 ሲገባ ያመጣው ነው» ይላሉ። ዞሊንገን ይላል።

ዞሊንገን ጀርመን ነው፤ ምላጩ ግን በመላው ዓለም ይሸጥ ነበር። ጣልያን ወታደርም ሊይዘው ይችላል፣ ነጋዴም ሊያመጣው ይችላል። ከጽሑፉ ይህን መለየት አይቻልም። አንዳንድ ወታደር ስሙን ወይም ቁጥሩን እጀታው ላይ ይጭር ነበር። ሁለቱንም ጎን ፈትሽና ካገኘህ ፎቶ ላክልኝ።