ሶፍ ዑመር በአንድ እሁድ ደርሶ መልስ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ከአራት ኪሎ ነው የምጽፍላችሁ። ልጆቼ (12 እና 15 ዓመታቸው ነው) ሶፍ ዑመር ዋሻን በቴሌቪዥን ካዩ ወዲህ «መቼ ነው የምንሄደው» እያሉ ቁም ስቅሌን እያሳዩኝ ነው። መኪና የለኝም። አንድ እሁድ በማለዳ በሕዝብ ትራንስፖርት ወጥተን ማታ ቤታችን መግባት እንችላለን? እናቴም «እኔስ ለምን ይቀርብኛል» ብለው ተነስተዋል። ጉልበታቸውን ግን ትንሽ ያማቸዋል።

መልስ፦ አትችሉም። ይህን ቶሎ ልንገርህና ወደሚቻለው እንሂድ።

ከአዲስ አበባ ባሌ ሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎህ ሳይቀድ ብትነሳ እንኳ ሮቤ ስትገባ ቀኑ አልቋል። ዋሻው ደግሞ ከሮቤም አልፎ፣ በጎሮ በኩል ወደ ምሥራቅ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል። ስለዚህ አንድ ቀን ለመሄድ፣ አንድ ቀን ለዋሻው፣ አንድ ቀን ለመመለስ፤ ሦስት ቀን ያስፈልግሃል፣ እሱም መኪና ባሰብከው ሰዓት ከሞላ ነው። የትምህርት ቤት እረፍት ጠብቅለት።

መጠበቁ ግን ያዋጣል። ሶፍ ዑመር ገብተህ አንድ ክፍል አይተህ የምትወጣበት ዋሻ አይደለም። ወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን እያሟሟ የቦረቦረው፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የከርሰ ምድር መንገድ ነው። ልጆችህ በቴሌቪዥን ያዩዋቸው እነዚያ ትላልቅ ዓምዶች፣ ውሃው ግራና ቀኝ በልቷቸው የተረፉ ድንጋዮች ናቸው። ወንዙ አሁንም ውስጡ ይፈሳል፤ ዋሻውን ከጫፍ ጫፍ ለማየት ውሃውን በእግር ደጋግሞ መሻገር አለ። ለዚህ ነው በዝናብ ወቅት የማይሞከረው፣ ለዚህም ነው የእናትህን ጉልበት ስትጽፍልኝ ትንሽ የደነገጥኩት። መሄጃህ ሲደርስ የአካባቢውን መሪ ያዙ፣ ቢረጥብ የማያናድድ ጫማ አድርጉ፣ ለየሰዉ የእጅ ባትሪ ግዛ። የስልክ መብራት እዚያ ጨለማ ውስጥ ቀልድ ነው። ቦታው በሼህ ሶፍ ዑመር ስም የሚጠራ፣ ሙስሊሞች ለዚያራ የሚሄዱበት መሆኑንም ለልጆቹ አስቀድመህ ንገራቸው፤ መጮህና ግድግዳ ላይ ስም መጻፍ አይሆንም።

አሁን ወደ እሁዱ ልመለስ።

እኔ ብሆን ደብረ ሊባኖስ እወስዳቸዋለሁ። 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ዋሻ አለው። ለእናትህ ደግሞ ጸበል አለ፤ ማን ያውቃል፣ ጉልበታቸውን እንኳ ይለቃቸው ይሆናል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን የመሠረቱበት ቦታ ነው፤ ቆመው ይጸልዩበት ነበር የሚባለው ዋሻ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ገደሉ ሥር ይገኛል። ትንሽ ነው፣ ሶፍ ዑመርን አትጠብቁ። ጎንበስ ብለህ ትገባለህ፣ እጅህ የሚነካው ድንጋይ ርጥብ ነው፣ ጧፍ ይሸታል፣ አጠገብህ አንዲት እናት ጸበሉን በኩባያ እየቀዱ ፊታቸውን ያብሳሉ። የእኔ ልጅ መብራት እንድናጠፋ ለመነችኝና አጥፍተን ዝም ብለን ቆምን። ቤት ከገባን በኋላ ያወራችው ስለዚያች ደቂቃ ብቻ ነው።

አካሄዱ ቀላል ነው። ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ከፒያሳ በታክሲ አዲሱ ገበያ። የኮሪደር ልማቱ የታክሲ መያዣውን ስላቀያየረው ካለፈው ዓመት ትዝታህ ላይ አትተማመን፣ ጠይቅ። አዲሱ ገበያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ድረስ። የፍቼ መኪና ያዝ፤ ረዳቱ «ሁለት ሰው የቀረው! ሁለት ሰው የቀረው!» ሲል አትመነው፣ አንገትህን አስገብተህ ወንበሩን ቁጠር። ለአራት ሰው አንድ ላይ ቦታ ከፈለግክ ሊሞላ የደረሰውን ተወውና ገና መጫን የጀመረውን ምረጥ። እንጦጦን አልፈህ ሱሉልታ ስትገባ ብርዱ ስለሚቆነጥጥ ለእናትህ ጋቢ ያዝላቸው። ደብረ ጽጌን እንዳለፋችሁ ለረዳቱ «ደብረ ሊባኖስ መገንጠያ» ብለህ አስታውሰው። ከመገንጠያው እስከ ገዳሙ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በእግር ይቻላል፣ ከእናትህ ጋር ግን ያገኘኸውን መኪና ወይም ባጃጅ ያዝ።

ሰው የሚጉላላው መመለሻው ላይ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ጉዴን አየሁ። 10 ሰዓት ላይ መገንጠያው ጋ ቆምኩ፤ ከፍቼ የሚመጣው ሚኒባስ ሁሉ ሞልቶ እየመጣ እያየኝ ያልፋል። በመጨረሻ አንዱ ቆመልኝና በትርፍ፣ በሁለት ወንበር መሃል በጀሪካን ላይ ተቀምጬ፣ ሙሉ ሂሳብ ከፍዬ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ብልሃቱን አውቄያለሁ፦ ወደ አዲስ አበባ መመለስ ስትፈልግ መጀመሪያ ወደፊት ወደ ፍቼ ሂድ። ቅርብ ናት። መነሃሪያው ገብተህ ወንበርህን ይዘህ ትመለሳለህ። ሚኒባሱ ያንኑ መገንጠያ ሲያልፍ እዚያ የቆሙትን ሰዎች ስታይ ታዝናለህ፣ ምን ይደረጋል። እንግዲህ ከዚህ ተነስተህ ሰዓቱን ወደ ኋላ ቁጠር፦ ከገዳሙ 8 ሰዓት ላይ ካልወጣህ ማታ ትጨነቃለህ።

ቀን ስትመርጥ ወር በገባ በ24 የሚውለውን እሁድ ዝለለው፤ የተክለ ሃይማኖት ቀን ስለሆነ ሕዝቡ ብዙ ነው። ነሐሴ 24 ማ አይታሰብም። በተረፈ ከመነሳትህ በፊት መነሃሪያው ላይ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቅ፣ ሾፌሮቹ ከማንም ቀድመው ያውቃሉ።

ሜዳው ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ታያላችሁ። ሙዝ በእጅ ይዞ መቅረብ የለም፣ የእኔን ነጥቆኛል። ጊዜ ከተረፋችሁ ገደሉ ጫፍ ያለውን «የፖርቹጋል ድልድይ» የሚሉትን እዩት። ስሙ ነው እንጂ ያሠሩት ራስ ዳርጌ ናቸው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን። የ15 ዓመቱ ልጅህ ታሪክ የሚወድ ከሆነ ደግሞ ግንቦት 1929 ዓ.ም የግራዚያኒ ወታደሮች በገዳሙ መነኮሳት ላይ ያደረሱትን ጭፍጨፋ እዚያው ቆመህ ንገረው።

በሌላ አቅጣጫ አዳዲ ማርያምም አለች፦ ከአየር ጤና በቡታጅራ መንገድ፣ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከአለት ተፈልፍላ የተሠራች ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ቆንጆ ናት፣ ግን ሰው የጠረባት ስለሆነች ልጆችህ «ይሄማ ዋሻ አይደለም» ይሉሃል። ከዋናው መንገድ ገብቶ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚቀር መመለሻው ከደብረ ሊባኖስም ይብሳል። ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ለእናትህ ነጠላ፣ ለልጆቹ ሹራብ፣ ለጸበሉ ደግሞ ባዶ ሃይላንድ ከቤት ያዙ፤ እዚያ ሲደርሱ ለጎረቤቱ ሁሉ መቅዳት መፈለጋቸው አይቀርም፣ ተሸካሚው ደግሞ አንተ ነህ።