ትምህርት ቤት ያዘዘው በጎ ሥራ ምጽዋት ይሆናልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላምዎ ይብዛልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የበኩር ልጄ ዐሥረኛ ክፍል ደርሷል። እዚህ አንድ ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት መስጠት ግዴታው ነው። ልጄ በአንድ ፉድ ባንክ (ለችግረኞች ምግብ በሚያድል ድርጅት) ምግብ በማሸግ ጀምሯል፤ ሆኖም «እማዬ፣ ይሄ እኮ ለመመረቂያ ነው እንጂ ለጽድቅ አይደለም» ይለኛል። እኔም ሐዋርያው «በኀዘን ወይም በግድ አይደለም» ያለውን ሳስብ መልስ አጣለሁ። ጌታ በስውር አድርጉ ይላል፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሰዓት አስቆጥራችሁ፣ አስፈርማችሁ አምጡ ይላል። ይህ ምጽዋት ነው ወይስ የቤት ሥራ? በቅዳሴና በመዝሙር የሚያገለግልበትን ሰዓትስ ቤተ ክርስቲያን ብትፈርምለት፣ አንዳንዶች እንደሚያደርጉትም ሰዓቱ ትንሽ ከፍ ተደርጎ ቢጻፍለት ነውር አለው?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

እኅታችን፣ የልጅዎ ቃል አያሳዝንዎት። በዚህ ዕድሜው የሚሠራውን ሥራ ለምን እንደሚሠራው የሚጠይቅ ልጅ ኅሊናው ንቁ ነው። ያልተረዳው ነገር ቢኖር፣ አንድ ሥራ በትእዛዝ ስለተጀመረ ብቻ ጽድቅነቱን አያጣም የሚለውን ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የዐዋጅ አጽዋማት እንዳሏት ያውቃሉ። ሰባት ዓመት የሞላው ምእመን ሁሉ እንዲጾማቸው የታዘዙ ናቸው፤ ስማቸውም እንደሚያሳየው በዐዋጅ የተደነገጉ እንጂ ለእያንዳንዱ ፈቃድ የተተዉ አይደሉም። ይሁንና 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት ጾሞ «ታዝዤ ስለጾምሁ ጾሜ ከንቱ ነው» የሚል ክርስቲያን አልሰማንም። ልጅዎም ገና ሕፃን ሳለ የመጀመሪያውን ጾም የጾመው እርስዎ ስላዘዙት እንጂ የጾምን ምሥጢር ተረድቶ አልነበረም። ትእዛዙ ወደ በሩ አደረሰው፤ ዛሬ ከውስጥ ሆኖ የሚጾመው ግን ራሱ ነው። በጌታችን ትምህርት በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ምጽዋት፣ ጸሎትና ጾም ጎን ለጎን የተቀመጡ ስለሆኑ፣ በጾም የምንቀበለውን ሥርዓት በምጽዋት የምንነቅፍበት ምክንያት የለንም።

ቅዱስ መጽሐፍም በሕግ የታዘዘ ምጽዋትን ያውቃል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 እና በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 እንደተጻፈው፣ አዝመራውን የሚያጭድ ሰው የእርሻውን ዳር አጥርቶ እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም እንዳይለቅም፣ የረሳውን ነዶ ለመውሰድ እንዳይመለስ፣ ለድሃ፣ ለመጻተኛ፣ ለድሃ አደግና ለመበለት እንዲተወው ታዟል። ሞዓባዊቷ ሩት መጻተኛም መበለትም ሆና ወደ ቦዔዝ እርሻ የገባችው ይህ ሕግ በሩን ስለከፈተላት ነው። ቦዔዝ ሕጉን ብቻ ፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ማንም አይነቅፈውም ነበር። እርሱ ግን አጫጆቹን ጠርቶ በነዶው መካከል እንድትቃርም እንዲፈቅዱላት፣ ከታሰረውም ነዶ ሆን ብለው እየመዘዙ እንዲተዉላት፣ እንዳያሳፍሯትና እንዳይወቅሷት አዘዘ። ሕጉ ቃርሚያውን እንዲተው አስገድዶታል፤ ከነዶው እንዲመዝ ግን ማንም አላስገደደውም። ሩት ወደ ቤቷ ተሸክማ በገባችው ገብስ ውስጥ ሁለቱም ተቀላቅለው ነበር፤ አማቷ ኑኃሚንም ስትቀበላት ይህ በሕግ የመጣ፣ ያ በፍቅር የመጣ ብላ አልለየችውም።

የልጅዎም 75 ሰዓት እንደዚያ ቃርሚያ ነው። ሜሪላንድ ይህን ግዴታ የደነገገችው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 ሲሆን፣ ለመላው ግዛት ተማሪዎች እንዲህ ያለ ሕግ በማውጣት ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ነች። ትምህርት ቤቱ ሊያዝዝ የሚችለው ሰዓቱን ነው። ልጁ በዚያ ሰዓት ውስጥ ፊቱን እንዴት እንደሚያሳይ፣ ሣጥኑን የሚቀበለውን ሰው ቀና ብሎ ያየው ወይም አንገቱን ደፍቶ ያሳልፈው እንደሆነ፣ የሚያዝዝም የሚቆጥርም ደንብ የለም። ምጽዋቱ እዚያ ላይ ነው።

በዐቢይ ጾም ወራት በአንድ የምግብ ማደያ ያየሁትን ልንገርዎት። ነጠላ የተከናነቡ አንዲት እናታችን ሰልፍ ይዘው ደረሳቸውና የታሸገ ሣጥን ተሰጣቸው። ቋንቋውን ስለማያውቁ ዝም ብለው ተቀበሉ። እንግዶችን የሚያስተናግደው የእኛው አገር ልጅ፣ ዕድሜው ከልጅዎ የማይበልጥ፣ «እማማ፣ ይጾማሉ?» ብሎ በአማርኛ ጠየቃቸው፤ ሣጥኑንም ከፍቶ የዶሮውን ቆርቆሮና ወተቱን አወጣና በምትካቸው ምስርና ባቄላ፣ አንድ ጠርሙስ ዘይትም ጨምሮ ሰጣቸው። እናታችን እጁን ይዘው ብዙ መረቁት። ያ ልጅ የቆመው ምናልባት ለፊርማው ይሆናል፤ ነገር ግን ዶሮውን በምስር እንዲለውጥ ያዘዘው ማንም የለም። አማርኛውና የእናቱ ቤት ጾም፣ በትምህርት ቤት ማንም የማይጠይቀው እውቀት፣ በዚያች ሰዓት ለአንዲት ክርስቲያን ምግብ ሆነ። ልጆቻችን ለዚህች አገር የሚሰጡት የሌላቸው ይመስላቸዋልና ይህንን ለልጅዎ ይንገሩት።

ሐዋርያው «በኀዘን ወይም በግድ አይደለም» ያለውን በምዕራፉ ዙሪያ ካነበብነው አሳቡ ይገለጣል። የቆሮንቶስ ምእመናን በኢየሩሳሌም ላሉ ችግረኞች ቀድመው ቃል የገቡትን እንዲፈጽሙ እያሳሰባቸው ነው። እያንዳንዱ በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እንደ ቻለ እንዲያስቀምጥ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 16 አዟል፤ በሁለተኛው መልእክቱ ምዕራፍ 8 ደግሞ ስለዚህ ገንዘብ ማንም እንዳይነቅፋቸው ቲቶንና ሌሎች የታመኑ ወንድሞችን አብሮ ልኳል። ስለዚህ ቀን መቁረጥን፣ መቁጠርንና በምስክር ፊት ማስረከብን ጳውሎስ ራሱ ሠርቶበታል። የከለከለው እያጉረመረሙ መስጠትን ነው።

ስውርነቱንም በዚሁ መንገድ ይረዱት። ጌታችን «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» ሲል በሰው ዘንድ ለመመስገን መለከት የሚያስነፉትን እየገሠጸ ነው፤ በዚያው ትምህርቱ «ብርሃናችሁ እንዲሁ በሰው ፊት ይብራ» ብሏልና። ለትምህርት ቤቱ የሚቀርብ ፎርም መለከት አይደለም፤ ጽሕፈት ቤት ገብቶ መዝገብ ውስጥ ይቀራል። መለከቱ ያለው በስልኩ ነው። ሣጥን ከሚቀበሉት ሰዎች ጋር ፎቶግራፍ ተነሥቶ ለጓደኞቹ የሚያሰራጭ ከሆነ ግን፣ ይህ ልማድ በወጣቶቻችን ዘንድ እየበዛ ነውና፣ አጥብቀው ይከልክሉት። ለምግብ የተሰለፈ ሰው ፊቱን ሊያሳይ አልመጣም፤ ቦዔዝም «አታሳፍሩአት» ያለው ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ ትምህርትና ምጽዋት መገናኘታቸው ለእኛ አዲስ አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን የቆሙት በምጽዋት ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻውን በዱላ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የሰጡት እናቶች ባይኖሩ ዜማውም፣ ቅኔውም፣ ትርጓሜውም እስከ እኛ ባልደረሰ ነበር። ተማሪውም ያገኘውን ቁራሽ ለታመመ ጓደኛው ያካፍላል፤ ለመምህሩ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው የጉባኤው ሥርዓት ስለሆነ ነው፤ ያገልግሎት ግዴታ ያለበት ትምህርት እንግዳ ነገር ለሚመስለው ልጅዎ ይህ ቢነገረው መልካም ነው።

አሁን ወደ ፊርማው ልምጣ። የቅዳሴና የመዝሙር ሰዓት ለዚህ ጉዳይ መቅረብ የለበትም። የካውንቲያችሁ ደንብ አገልግሎቱ ሃይማኖታዊ ይዘት የሌለው እንዲሆን ይጠይቃል። ደንቡ ባይከለክል እንኳ እኔ አልመክርም፤ ለእግዚአብሔር የቀረበውን መሥዋዕት በወረቀት ልንመነዝረው አይገባም። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለሕፃናት ሒሳብ ማስጠናት ወይም ለአረጋውያን ምግብ ማደል ግን ሌላ ነው፤ ይህ የሚቆጠርለት መሆኑን ከመጀመሩ በፊት የትምህርት ቤቱን የአገልግሎት አስተባባሪ ይጠይቁ። የሚፈርመውም ወላጅ ያልሆነ፣ ሥራውን በቅርብ ያየ ኃላፊ ይሁን።

ሰዓቱን ከፍ አድርጎ መጻፍ ግን «በሐሰት አትመስክር» የሚለውን ትእዛዝ መሻር ነው፤ በዚህ ላይ ማለሳለሻ የለኝም። ዐሥር ሰዓት የሠራ ልጅ ሃያ ተብሎ ሲጻፍለት፣ የድሃውን ስም ጠርቶ ያልሰጠውን እንደሰጠ መመስከሩ ነው። ፈራሚው ካህን ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊ ሲሆን ደግሞ ኃጢአቱ ይከብዳል፤ ልጁ ሐሰትን ከአባቶቹ ተማረ ማለት ነውና። እንዲህ ያለ ፎርም ይዘው የሚመጡ ወላጆች ቢያጋጥሙዎት፣ ቀሪውን ሰዓት ልጁ የሚሠራበትን ቦታ ይፈልጉላቸው እንጂ አያባብሏቸው።

ልጅዎ ገና ዐሥረኛ ክፍል ስለሆነ ጊዜ አለው፤ ሰዓቱን በሁለት ሳምንት አጣድፎ ከሚጨርስ በወር አንድ ቅዳሜ እየሄደ ቢያዳርሰው ከሰዎቹ ጋር ይተዋወቃል። በጾም ወራት ደግሞ ለምሳ ከሚሰጡት ገንዘብ የተረፈውን ራሱ ያጠራቅምና ለማን እንደሚሰጥ ራሱ ይምረጥ፤ እርስዎ አይጨምሩበት፣ አይጠይቁትም። 75 ሰዓቱ ሲሞላ «በቃኝ» ቢልዎትም አይገሥጹት። በሚቀጥለው ወር ቅዳሜ እርስዎ ራስዎ ወደዚያው ቦታ ይሂዱና አብሮዎት ይመጣ እንደሆነ ይጠይቁት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።