ኪቱን ከማዘዝሽ በፊት የግድግዳሽን ሶኬት ለኪ

እህቴ፣ ጥያቄሽ በአጭሩ እንዲህ ነበር፦ ከአባትሽ የቀረ የሸክላ ማጫወቻና አንድ ካርቶን ሸክላ አለሽ። የምትኖሪው አራት ኪሎ አካባቢ፣ በአሮጌ ግቢ ውስጥ ነው። ሶልደሪንግ አይረን (ሽቦን በቀለጠ ሶልደር የሚያያይዙበት መሣሪያ) ይዘሽ አታውቂም። የቲዩብ አምፕሊፋየር ኪት (በሚግሉ የመስታወት ቲዩቦች ድምፅ የሚያጎላ፣ ሳይገጣጠም የሚሸጥ መሣሪያ) ከውጭ አስመጥቼ ቤቴ ውስጥ መገጣጠም እችላለሁ ወይ፣ የትኛውንስ ልምረጥ ነው ያልሽው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ወንድሞች ስለ ድምፅ ጣዕም ተከራከሩ። አንደኛው ደግሞ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን፣ ብሉቱዝ ያለው ዝግጁ ዕቃ ግዢ» ብሎ ነገሩን ዘጋው። እሱ የመለሰው ያልተጠየቀውን ነው።

ይቻላል። ሶልደር ነክቶ የማያውቅ ሰውም ይችላል። ፒያሳ ባለው ቤቴ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ለራሴም ለጓደኞቼም ገጣጥሜያለሁ። ከዚያ በኋላ የያዝኩት አቋም ግን መገጣጠሙ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው የሚል ነው። ጥሩ ኪት እያንዳንዱ ሽቦ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ በሥዕል ያሳያል። ያንን መመሪያ የጻፈው ሰው ግን አራት ኪሎን አያውቅም። ቤትሽ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ) ያለው፣ ቮልቱ የማይዋዥቅ፣ መብራት የማይሄድበት ነው ብሎ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት ከግድግዳው እንነሣ።

በአካባቢያችን አሮጌ ቤቶች ሶኬቱ ኧርዝ የሌለው፣ ወይም የኧርዙ ብረት ለይምሰል ተገጥሞ ከኋላው ሽቦ ያልተሳበለት ብዙ ነው። ስልክ ለመሙላት ይህ ችግር የለውም። የቲዩብ አምፕሊፋየር ሳጥን ግን ላሜራ ነው። ውስጥ ያለው የኮረንቲ ሽቦ ተላጦ ላሜራውን ቢነካ፣ ኧርዝ ካለ ፊውዙ ወዲያው ይቃጠላል። ኧርዝ ከሌለ ፊውዙም አይቃጠል፣ ዕቃውም አይጠፋ፤ ሙዚቃው እየተሰማ ሳጥኑ 220 ቮልት ይዞ ይቀመጣል፣ አንድ ሰው እስኪነካው ድረስ። ቴስተር (ቮልት በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ) ካለሽ በፌዝ፣ ማለትም ኮረንቲ በሚያመጣው ሽቦ፣ እና በኧርዝ መካከል ለኪ፤ በፌዝና በኒውትራል፣ ማለትም በመመለሻው ሽቦ፣ መካከል ካገኘሽው ጋር የተቀራረበ ቁጥር መምጣት አለበት። በዚህ ብቻ ግን አትተማመኚ። ቴስተር ለማንበብ የሚበቃው እጅግ ትንሽ ኮረንቲ ስለሆነ ደካማ ኧርዝም በእሱ ላይ ጤነኛ ይመስላል። ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርተሽ የኧርዝ ዘንግ አስቀብሪ፣ መሬቱም በመለኪያ ይፈተሽ። ከውኃ ቧንቧ ጋር አስሮ ሊሄድ የሚል ከመጣ አሰናብቺው፤ ቧንቧው መሀል ላይ በፕላስቲክ ተተክቶ ከሆነ ያ ኧርዝ የትም አይደርስም።

ቀጥሎ ቮልቱ ነው። በወረቀት ላይ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል ጠዋት፣ ጎረቤቱ ሁሉ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓትና እኩለ ሌሊት ላይ እየለካሽ መዝግቢ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ቲዩቡን የሚያግለው ሂተር 6.3 ቮልት ይፈልጋል፤ ከዚያ አሥር በመቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይታገሣል። ለ230 ቮልት የተጠቀለለ ትራንስፎርመር 200 ቮልት ብቻ ቢደርሰው ሂተሩ የሚያገኘው 5.5 ቮልት ገደማ ነው፤ ከመቻቻያው ወጣ ማለት ነው። 245 ቢደርሰው ወደ 6.7 ይወጣል፣ ይህ አሁንም ደኅና ነው። መዝገብሽ ላይ ብዙ ጊዜ ከ205 በታች ካየሽ ለፍሪጅ የሚሸጠውን ስታብላይዘር ጨምሪበት። መብራት ሲሄድ ደግሞ ማብሪያውን ወዲያው የማጥፋት ልማድ ይኑርሽ፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚልከው የመጀመሪያ ግፊት ለማንም ዕቃ አይራራም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። ከአሜሪካ የሚመጡ ኪቶች በአብዛኛው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠሩ ናቸው። «ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ከመርካቶ ገዝተሽ አስቀድሚለት» የሚል ምክር ትሰሚያለሽ። ያ መሣሪያ ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ለ60 የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ብረቱ በማግኔት ኃይል ቶሎ ይሞላል፤ ይግላል፣ ያጉረመርማል። ስለዚህ ስታዝዢ ባለ 230 ወይም 240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሆነውን ለይተሽ ጠይቂ፤ ደህና ሻጮች የአሜሪካውንም ይህንንም ያቀርባሉ።

ምርጫውን ስትጠይቂኝ፣ የእኔ መልስ በእያንዳንዱ ቻናል (በግራውም በቀኙም ድምፅ) አንድ ኢኤል 84 የሚባል ቲዩብ፣ ከፊቱ ደግሞ ኢሲሲ 83 ያለበት፣ ሲንግል ኤንድድ (አንዱ የመውጫ ቲዩብ ብቻውን የሚሠራበት) የሚባለው ዓይነት ነው። ኢሲሲ 83ን አሜሪካኖቹ 12ኤኤክስ7 ብለው ይጽፉታል፤ ዕቃው አንድ ነው። ዕቃዎቹ ጥቂት ናቸው፣ የሚስተካከል ባያስ (በቲዩቡ የሚያልፈውን ኮረንቲ የሚወስን ቮልት) የለውም፣ ውስጡ ያለው ቮልትም 250 ወይም 300 አካባቢ ነው። ኬቲ 88ን ወደመሳሰሉት ትልልቅ ቲዩቦች ስትሄጂ ከ400 ማለፍ የተለመደ ነው። ሌላው ምክንያቴ የአገር ቤት ነው፦ ኢኤል 84 በ1950ዎቹና 60ዎቹ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በተሠሩት የአውሮፓ ሬዲዮኖች ውስጥ በብዛት ይገኝ ነበር። የሰው ሳሎን ሲጸዳ፣ ምናለሽ ተራም ሲገላበጥ ከእነዚህ ሬዲዮኖች ብቅ የሚል አይጠፋም። አዲሱንም እስከ ዛሬ የስሎቫኪያው ጄጄን ጨምሮ የሚያመርቱት አሉ። ያም ሆኖ አንድ ትርፍ ጥንድና ጥቂት ፊውዝ አብረሽ እዘዢ። ፊውዙ ቶሎ የማይቃጠለው ዓይነት ይሁን፤ ተራው ፊውዝ ትራንስፎርመሩ ሲነሣ በሚስበው ኮረንቲ ያለ ምክንያት ይቃጠላል።

ኪቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ በታተመ ሰሌዳ ላይ የሚሰካና ሽቦ በሽቦ የሚያያዝ። ሰሌዳው ይፈጥናል። እኔ ግን ለአዲስ አበባ ሰው ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ከዓመታት በኋላ አንድ ሬዚስተር (ኮረንቲን የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ቢቃጠል ማንኛውም የሬዲዮ ጠጋኝ ከፍቶ ያየዋል፣ ከሱቅ ባገኘው ይተካዋል። ክብደቱን ግን አስቢበት። ትራንስፎርመሮቹ ብረት ስለሆኑ መላኪያው የኪቱን ዋጋ ሊገዳደር ይችላል፤ ቀረጡንም ቀድመሽ ጠይቂ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ብረቱን በሻንጣ፣ ቲዩቦቹን በእጅ ቦርሳ እንዲያመጣልሽ ለምኚው።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሽቦ መላጫ፣ እስከ 1000 ቮልት የሚለካ ደህና ቴስተር፣ 60 ዋት ገደማ የሆነ ሶልደሪንግ አይረን። ሶልደሩ 60 በመቶ ቆርቆሮ፣ 40 በመቶ እርሳስ ሆኖ ውስጡ ሙጫ ያለው ይሁን። የራዲያተር ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን አሲድ በፍጹም አታስጠጊ፤ መጋጠሚያውን በወራት ውስጥ ይበላዋል። በመጀመሪያ በተበላሸ ሬዲዮ ሰሌዳ ላይ ተለማመጂ። የምታግዪው ሶልደሩን ሳይሆን ሽቦውንና እግሩን ነው፤ እነሱ ሲግሉ ሶልደሩ ራሱ ይፈስሳል። ሬዚስተሮቹን ደግሞ በቀለማቸው ብቻ አትመኚ፤ ቡናማና ቀይ በማታ መብራት ይመሳሰላሉ፤ እያንዳንዱን በቴስተር ለክተሽ ግጠሚ። እርሳስ ስለነካሽ እጅሽን ሳትታጠቢ እንጀራ አትቁረሺ።

አሁን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ክፍል መጣ። አምፕሊፋየሩ ከሶኬት ተነቅሎም ኮረንቲ ይይዛል። በውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ቮልቱን ያጠራቅማሉ፤ 100 ማይክሮ ፋራድ የሆነ ካፓሲተር በ350 ቮልት ሲሞላ 6 ጁል ገደማ ይይዛል፣ ይህም በቀላል የማይታይ ምት ነው። ጥሩ ኪት ቀስ ብሎ የሚያፈስስ ሬዚስተር ያስገባበታል፤ 220 ኪሎ ኦም ከሆነ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ሬዚስተሩ ግን ሊቆረጥ ይችላልና ጊዜ ቆጥረሽ አትመኚ፤ ከፍተሽ በቴስተር ለኪ። የቀረ ቮልት ካለ በ10 ኪሎ ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር፣ እጀታቸው በተሸፈነ መቆንጠጫዎች አፍስሺው። በካቻቪቴ አገናኝተው «ጧ» የሚያደርጉ የድሮ ጠጋኞች አሉ፤ እሱ ካፓሲተሩንም ይጎዳል፣ ለዓይንም አደገኛ ነው። በርቶ እያለ ስትለኪ አንድ እጅሽ ኪስ ውስጥ ይሁን፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ኮረንቲ መንገዱ በልብ በኩል ነው። ሐብልና ቀለበት አውልቂ። ብቻሽን አትሁኚ፤ ቆጣሪው ጋ ሄዶ መስመሩን መቁረጥ የሚችል ሰው ቤት ውስጥ ይኑር። «ቤቴ ባለ 30 ሚሊ አምፔር መቁረጫ (ኮረንቲ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያመልጥ መስመሩን የሚቆርጥ) አለው፣ ያድነኛል» የሚሉም አሉ። እሱ ከግድግዳው መስመር ያድናል። ከትራንስፎርመሩ ወዲህ ያለው ከፍተኛ ቮልት ግን ከግድግዳው የተለየ መስመር ስለሆነ መቁረጫው ምንም አያይም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታበሪ በቀጥታ አትሰኪ። በፌዙ መስመር ላይ 60 ዋት የሆነ የድሮ ባለ ክር አምፖል በተከታታይ አስገቢ፤ ኤልኢዲ አይሆንም። ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ አምፖሉ መጀመሪያ ቦግ ብሎ ይደበዝዛል። እንደደመቀ ከቀረ የሆነ ቦታ ተገናኝቷል፤ ነቅለሽ ፈልጊ። የተቃጠለብሽ ነገር አይኖርም። ከዚያ በፊት ስፒከሩ መያያዙን አረጋግጪ። ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ያለ ስፒከር ቢበራ ግድ የለውም፤ ባለ ቲዩቡ ግን ያለ ስፒከር ድምፅ ሲገባበት የመውጫ ትራንስፎርመሩ ውስጥ ከፍተኛ ቮልት ይነሣና ጥቅሉን ሊበሳው ይችላል። አምፖሉን አንሥተሽ በቀጥታ ስታበሪ መመሪያው ላይ የተጻፉትን ቮልቶች አንድ በአንድ ለኪ። ኢኤል 84 የሚችለው 12 ዋት ነው፤ 250 ቮልት ላይ 40 ሚሊ አምፔር ቢያልፍበት 10 ዋት ነው፣ መልካም። መሀሉ ያለው ግራጫ ብረት ራሱ መቅላት ከጀመረ ግን አጥፊ። በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው ሰማያዊ ጭላንጭል በአብዛኛው ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ያምራል። በዙሪያው ሰፋ ያለ ክፍት ቦታ ተዪለት፤ ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቷል፣ ሙቀት የሚወስደውም በዚያው ልክ ያነሰ ነው።

ጉምጉምታ ከሰማሽ፣ ወፈር ያለው 50 ኸርዝ ከሂተር ሽቦዎች ወይም ከኧርዝ አያያዝ፣ ቀጠን ያለው 100 ኸርዝ ከማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ነው ብለሽ ጀምሪ። የሂተር ሽቦዎቹን አጥብቀሽ ፍተያቸው፣ በሳጥኑ ጥግ ጥግ አስኪጃቸው።

ማንም ያልነገረሽ አንድ ነገር ቀረ። ሸክላ ማጫወቻሽን በቀጥታ ከኪቱ ጋር ብታያይዢ ድምፁ እንደ ሹክሹክታ ሊሆን ይችላል። ማግኔት ያለው የሸክላ መርፌ የሚሰጠው 5 ሚሊ ቮልት ገደማ ነው፤ ኪቱ የሚጠብቀው ከዚያ በመቶ እጥፍ የሚበልጥ ነው። በተጨማሪ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ጎልቶ ስለሚጻፍ ያንን የሚመልስ ፎኖ ፕሪአምፕ ያስፈልጋል። የአባትሽ ማጫወቻ ግን ስፒከሩ አብሮ የተሠራበት፣ እንደ ሻንጣ የሚዘጋው ዓይነት ከሆነ መርፌው ሴራሚክ ሊሆን ይችላል። ሴራሚክ ብዙ እጥፍ ቮልት ስለሚሰጥ ያለ ፎኖ ፕሪአምፕም ይሠራል፤ የኪቱ መግቢያ ብቻ ወደ 1 ሜጋ ኦም ይጠጋ።

እንዲህ ያለው ኪት በእያንዳንዱ ቻናል የሚሰጠው 5 ዋት ገደማ ነው፤ ያንሳል ብለው የተጨነቁልሽም አሉ። የሚወስነው ስፒከሩ ነው። በ1 ዋት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር በ5 ዋት 97 ገደማ ይደርሳል፤ ለአንድ ሳሎን ከበቂ በላይ ነው፣ ጎረቤትም ይሰማዋል። 84 ዴሲቤል የሆነው ትንሹ ዘመናዊ ስፒከር ግን ያንኑ ድምፅ ለመስጠት አራት እጥፍ ዋት ይጠይቃል፤ ለዚህ ኪት አይሆንም። ስለዚህ ከማዘዝሽ በፊት የስፒከሮችሽ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ኦምና ዴሲቤል፣ የማጫወቻውን መርፌ ከጎን የሚያሳይ ፎቶና የሳምንቱን የቮልት መዝገብ እዚህ ለጥፊልን፤ የትኛው ኪት እንደሚሆንሽ ያን ጊዜ በስሙ እንነግርሻለን።